የአባት ጠመንጃ፦ እናስቀምጠው ወይስ እንሽጠው? ከወሎ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባቴ ያረፈው በመኸር ወራት ነበር። ለቅሶው ገና ሳይበተን አንድ ዘመዳችን ከአልጋው ራስጌ በላይ በማንገቻው ወደተሰቀለው ጠመንጃ ቀና ብሎ አየና «ይሄስ የማን ሊሆን ነው?» አለ። መልስ የሰጠው አልነበረም። አምስት ልጆች ነን፤ ሦስት ወንድሞቼ፣ አንድ እህቴና እኔ። ሁለቱ ወንድሞቼ ተንታ ላይ ያርሳሉ፣ እኔና እህቴ ደሴ ነን፣ ትንሹ አዲስ አበባ ነው። ስለ መሬቱ በሁለት ቀን ሽምግልና ተስማማን። የጠመንጃው ነገር ግን የተቋጨው ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ሰው በሞተበት ቁጥር እየመጣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኝ ጀመር። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ ስመልስ የኖርኩት ነው። ሕጉን በጠቅላላው ነው የጻፍኩት፤ በእናንተ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት የወረዳችሁ ፖሊስና ፍርድ ቤት ናቸው።

አባታችን ካረፈ ገና ሳምንቱ ነው። ከሁሉ በፊት ምን እናድርግ?

መሸጥም ማስቀመጥም የዚህ ሳምንት ጉዳይ አይደለም። የዚህ ሳምንት ጉዳይ ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ማወቅ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ልጅ በየጓዳው ይሯሯጣል፤ ጠመንጃው የት እንደተሰቀለ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መሣሪያ የሚያውቅ፣ ያልጠጣ፣ እጁ የረጋ ሰው ፈልጉና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ ያራግፈው። ጥይቱ አንድ ቦታ፣ ጠመንጃው ሌላ ቦታ፣ ሁለቱም በቁልፍ። ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ፤ ማን እንደያዘው ግን ሁላችሁም እወቁ።

የሟችን ጠመንጃ፣ ካባውንና ፎቶውን ለቅሶው መሐል ማውጣት የአገራችን ወግ ነው። የአባቴም ወጥቷል። ሙሾ አውራጇ ስሙን ስትጠራ ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እያለቀሰ የቆመውን መቼም አልረሳውም። ይህን ወግ ተዉ ብዬ አልከራከርም። የምለምነው ባዶውን ይውጣ፣ ከግቢም አይውጣ ብዬ ነው። መተኮሱ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ደግሞ ለቀስተኛው ነው።

ውሳኔውን ክርስቲያኑ ከአርባው፣ ሙስሊሙም ከሰደቃው በኋላ ያድርገው። ሐዘኑ ትኩስ ሳለ በአባት አጥንት የሚማል መሐላ በኋላ ለማንሳት ያስቸግራል። እኛ ቤት ሁለት ወንድሞቼ በሠልስቱ ዕለት ተማምለው ያንን መሐላ ለማንሳት ቄስም ሽማግሌም አስፈልጎናል።

ጠመንጃው የአባታችን መሆኑንም ማረጋገጥ አለብን?

አለባችሁ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይዘለዋል። አባታችሁ ሚሊሻ ከነበሩና መሣሪያውን ከመንግሥት በፊርማ ከተረከቡት፣ ተመላሽ የሚሆን የመንግሥት ንብረት እንጂ ውርስ አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከየምሽጉና ከየገደሉ ተለቅሞ ቤት የገባ መሣሪያም አለ፤ እሱም የአባት ቅርስ ተብሎ ለልጅ አይከፋፈልም። ሦስተኛው አደራ ነው። አንድ ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ «ያዝልኝ» ብሎ ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል። እናታችሁንና የአባታችሁን ወንድሞች ለየብቻ ጠይቁ። የሁሉም ቃል ከገጠመ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ፈቃዱ በአባታችን ስም ነው። ወደ እኛ ይዞራል?

አይዞርም። ጠመንጃው ከሟች ንብረት ጋር ይቆጠር ይሆናል፤ ፈቃዱ ግን የሰውየው ነው፣ ከእሳቸው ጋር ያበቃል። አሁን የሚሠራበት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በዚህ ሕግ ፈቃድ የሚሰጠው ለአመልካቹ በራሱ፣ የእሱ ሁኔታ ታይቶ ነው። ስለዚህ አባታችሁ አርባ ዓመት በሕጋዊ መንገድ ቢይዙትም ዛሬ ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቤታችሁ ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ውሳኔውን አዘግዩ፣ ማሳወቁን ግን አታዘግዩ የምለው።

ወረዳው ፖሊስ ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የአባታችሁ የፈቃድ ወረቀት፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የእናንተ መታወቂያ። ጠመንጃውን ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ፤ በመንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ፓትሮል ልታስመዘግቡ እየሄዳችሁ መሆኑን በምን ያውቃል? ወንድሜ በአንድ ቢሮ ሁለት ጊዜ «አንድ ደብዳቤ ጎድሏል» ተብሎ ተመልሷል። አንዱ መመለስ ከተንታ ሙሉ ቀን ያስከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሄዳችሁ የሚያስፈልገውን ጠይቁና በጽሑፍ አስፍሩት፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም አብራችሁ ያዙ።

ፈቃድ ጨርሶ ያልነበረውስ?

ይህ ጥያቄ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚመጣው። ፈቃድ የሌለውን መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም በወንጀል ያስጠይቃል፤ ዝምታ በቆየ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጠበቃ የምታገኙ ከሆነ አስቀድማችሁ አማክሩ። ካልሆነ በቀበሌው የሚታመን አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ያለ ጠመንጃው፣ ሂዱና «አባታችን ሞተው ይህን አገኘን፣ ምን እናድርግ?» በሉ። መቅበርን አትሞክሩ። መሬት ብረቱን ይበላዋል፤ እናንተን ከተጠያቂነት አያወጣም።

ጠመንጃ የሚወርሰው ወንድ ልጅ ብቻ አይደለም እንዴ?

አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ እኔንም የነካኝ ነውና።

ታላቅ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያው ቃሉ «እናንተ ሴቶቹ በዚህ አትግቡበት፣ ይሄ የወንድ ነው» የሚል ነበር። እህቴ ዝም አለች። እኔ ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቀስኩለት። ኑዛዜ ከሌለ የሟች ልጆች ወንድ ሴት ሳይባሉ እኩል ይወርሳሉ። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ገብተው የእሱን ድርሻ ያነሳሉ። ከአምስታችን አንድ አምስተኛው የእኔ ነው፤ ጠመንጃም ይሁን በሬ። ጠመንጃውን ልታጠቂው ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አልታጠቅም። ድርሻ ግን ለመታጠቅ ብቻ አይደለም፤ በአባቴ ንብረት ላይ ስለሚሆነው ነገር ለመጠየቅም ነው።

የእናታችሁን ድርሻ አትርሱ። አባታችሁ ጠመንጃውን በትዳር ሳሉ ገዝተውት ከሆነ የጋራ ሀብት ነው፤ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናታችሁ ነው፣ ውርስ የሚሆነው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ከአያታችሁ ወርሰውት ከሆነ ግን የግላቸው ንብረት ነው። ብዙ ቤት እናትየዋን «እንዴት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። እኛ ቤት ግን ማንም ያልጠየቃት እናቴ አንድ ቀን «እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ከራስጌዬ በላይ ተሰቅሎ ነው የተኛሁት» አለችን። ጠመንጃውን እንደማትወደው ያወቅነው ያን ቀን ነው።

በሙስሊም ቤተሰብ፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ፣ ድርሻው በሸሪዓ ይሰላል። ዕዳና የቀብር ወጪ ቀድሞ ይወጣል፤ ልጆች ካሉ ሚስት ከስምንት አንድ እጅ ታነሳለች፤ በቀረው ላይ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ይወስዳል። እዚህም ቢሆን ሴት ልጅ ድርሻ አላት። ጠመንጃ ከእሷ ድርሻ ውጭ ነው የሚል ነገር በሸሪዓው የለም። ወሎ ላይ እንደኛ ያለ ቤት ሞልቷል፤ አባቴ ክርስቲያን፣ የእናቴ ወገን ሙስሊም። ያለ ስምምነት አንዱ ወገን ሌላውን ወደራሱ ዳኝነት ሊጎትተው አይችልም።

አባታችን «ለታላቁ ነው» ብሎ ተናዞ ነበር። በቃል ነው፣ ወረቀት የለውም።

በቃል የተነገረ ኑዛዜ በሕጋችን ጠባብ ቦታ ነው ያለው። ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ስጦታውም እያንዳንዱ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም። ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ይፈርሳል። ዛሬ በ500 ብር የሚገመት ጠመንጃ የለም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ከደረሳችሁ የቃሉ ኑዛዜ እምብዛም አያስኬድም። የጽሑፍ ኑዛዜ ካለ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ መሆኑን እዩ፤ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካለበት ሁለት ይበቃል። በእስልምናም ወራሽ ለሆነ ልጅ በኑዛዜ መስጠት ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም።

ሕጉ ይህ ነው። ግን አባት በእርግጥ እንዲህ ብሎ እንደሆነና ሁላችሁም ከሰማችሁት፣ ብታከብሩት ደስ ይለኛል። ታላቁ ጠመንጃውን ይውሰድና የሌሎቻችሁን ድርሻ በሌላ ንብረት ያካክስ። የአባት ቃልም የልጆች ድርሻም ሳይጓደል የሚያልፍበት መንገድ ይህ ነው።

አንዱ ይቀመጥ፣ ሌላው ይሸጥ ይላል። እንዴት እንታረቅ?

ጠመንጃ እንደ መሬት በገመድ አይከፈልም። ያለው መንገድ፣ የሚፈልገው ወስዶ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ መክፈል ወይም በሕጋዊ መንገድ ተሽጦ ዋጋውን መካፈል ነው። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ የሚነሳው በግምቱ ላይ ነው። የሚወስደው ያሳንሳል፣ የሚለቀው ያበዛል። እኛን ያወጣን አንድ ሐሳብ ነበር። ገማቾቹን ከጠመንጃው ምንም የማይነካቸውን ሁለት ሰዎች አደረግን፤ ግምታቸውን ሳንሰማ አስቀድመን «የሚሉትን እንቀበላለን» ብለን ፈረምን። የእኔን ድርሻ ታላቅ ወንድሜ በሁለት መኸር በጤፍና በገንዘብ ከፈለኝ።

ነገሩ ወደ ጠብ ካዘነበለ ከፍርድ ቤት በፊት አበጋሩን፣ የአገር አስታራቂውን ሽማግሌ፣ ጥሩ። በአምባሰል፣ በወረባቦና በሌላውም አካባቢ አበጋር የሚቀመጠው ደም ለማድረቅ ብቻ አይደለም፤ ወንድማማቾችን ያስታርቃል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃሉን ይሰማል። ዱአው ተደርጎ የታሰረ ቃል ወሎ ላይ በቀላሉ አይፈታም። አበጋር ግን የመሣሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ዕርቁ ካለቀ በኋላም የፖሊስ ቢሮ መሄድ አለ።

እኛ ቤት «የአድዋ ጠመንጃ ነው» ይባላል። እንዴት እናረጋግጥ?

እኛም «የአድዋው ምንሽር» እየተባለ ነው ያደግነው። ወንድሜ ማመልከቻውን ሊሞላ የመሣሪያው ቁጥር ሲፈለግ፣ የስንት ዘመን ጥላሸት በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠረግንለት። ከሥሩ በላቲን ፊደል የጣልያኗ ከተማ ብሬሻ ስም፣ 1936 የሚል የፈረንጅ ዓመት፣ አጠገቡም በሮማ ቁጥር አሥራ አራት ወጣ። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የራሳቸውን ዘመን በሮማ ቁጥር ይቆጥሩ ነበርና ሁለቱ ይገጥማሉ። እኛ አድዋ የተዋጋነው የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ጠመንጃ የተሠራው ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። ስድስት ጎራሽ፣ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ የጣልያን ካርካኖ ነው።

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። የዘጠና ዓመት አዛውንት የሆነውን የአባቴን አጎት ሄደን ስንጠይቀው ግን ሳቀ። «አድዋ ያላችሁ ማነው? ደሴ ነጻ ስትወጣ ነው ያመጣው» አለን። ጣልያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7፣ 1928 ዓ.ም. ሲሆን የወጣው ሚያዝያ 18፣ 1933 ዓ.ም. ነው። እጁን የሰጠው ወታደር መሣሪያ በየገጠሩ የተበተነው ያኔ ነው። አያቴ ይህን ጠመንጃ ጫንቃው ላይ ጥሎ ከደሴ እስከ ተንታ በእግሩ ገብቷል። ይህ ታሪክ ለእኔ ከአድዋው አያንስም፤ የራሳችን ነዋ።

ስለዚህ ከስም ይልቅ ብረቱን እመኑ። አገራችን ለመሣሪያ ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ አንዱ መንደር ምንሽር የሚለውን ሌላው ሌላ ይለዋል። ውጅግራ የሚባለው ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣ ስም ነው። ባለ 1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ አንድ ጎራሽ፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ጥይት የሚጎርስ ነው፤ እንዲህ ያለው ከተገኘ የአድዋ ዘመን መሆኑ አያስገርምም። በአድዋ የጣልያን ወታደር በብዛት ይዞት የነበረው ደግሞ ቬተርሊ የተባለው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነው። ቤልጅግ የምንለው የቤልጂየሙ የኤርስታል ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ከማይጨው በፊት በመንግሥት ከተገዙት ላይ የአንበሳና የዘውድ ምልክት ያለበት ይገኛል። ዓመቱ፣ የከተማው ስም፣ የአፈሙዙ ስፋት፣ የሚጎርሰው ጥይት ብዛት፤ እነዚህን አራቱን ጽፋችሁ ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር አስተያዩ። ወሎ ላይ የሚነገረው ብዙ ጊዜ አድዋ ከራስ ሚካኤል ጋር፣ ሰገሌ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር፣ ወይም ማይጨው ነው። ሰገሌ ጥቅምት 17፣ 1909 ዓ.ም. ነው፤ ማይጨው መጋቢት 22፣ 1928 ዓ.ም. ነው። ከውጊያው በኋላ የተሠራ ጠመንጃ እዚያ ሊውል አይችልም።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ የአጎቴን ዓይነት ሰው ፈልጉና ድምፁን በስልክ ቅዱ። የእኛው አዛውንት በዓመቱ አረፈ። አንድ መኸር ብንዘገይ ኖሮ እስከ ዛሬ የአድዋ ነው እያልን ነበር የምንኖረው።

ታሪካዊ ሆኖ ከተገኘ ለሙዚየም እንስጠው? ውጭ አገር ያለው ወንድማችን ልውሰደው ይላል።

የሁለተኛውን ልቅደም። አይሆንም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ በዚያ ላይ መሣሪያ ነው። ፎቶውንና የአባቱን ካባ ይውሰድ።

ለሙዚየም መስጠት የተከበረ ሐሳብ ነው። ደሴ ሙዚየም አለን፤ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ስለምታውቁ «ነገስ?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ያንኑ ነበር ያልኩት። የምመክረው በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ጠመንጃው ቅርስ መሆን አለመሆኑን ማስመርመር ነው። ከሰጣችሁ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ የሰጪው ስምና ታሪኩ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት የርክክብ ሰነድ ሳትቀበሉ እጃችሁን አታንሱ። ታሪኩ ያልተጻፈበት ጠመንጃ በመጋዘን ውስጥ ከሌላው ብረት አይለይም።

የአባትን ጠመንጃ መሸጥ ነውር አይደለም ወይ?

አያቶቻችን ዘንድ ነውር ነበር። ጠመንጃ ያለው ሰው ርስቱን የሚያስከብር፣ ሲጠሩት የሚደርስ ሰው ነበርና የአባቱን ጠመንጃ የሸጠ ልጅ ስሙን እንደሸጠ ይቆጠር ነበር። ሰርግ ላይ ሲፎከር፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ ሲወርድ ይነሳበታል። ይህ ስሜት ዛሬም አለ፤ የሚያመው ሰው እውነቱን ነው የሚያመው፤ ኋላቀር ነህ ብሎ ማሳፈር አይገባም።

ግን አያቶቻችን ጠመንጃቸውን ሲወዱት ሥራ ስለነበረው ነው። ከብት ይጠብቅ ነበር፣ ጠላት ይመልስ ነበር። ዛሬ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስጨንቀው፣ ዘር መግዣ ያጣ ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለውጦ በሬ ቢገዛበት አባቱን አላዋረደም። በሬውም ቤት ይጠብቃል። እኔ ራሴ ይሸጥ ባይ ነበርኩ፤ አሁንም በብዙ ቤት ይሂድ ነው የምለው። እኛ ዘንድ የቀረው ታላቅ ወንድሜ ፈቃዱን በስሙ ስላወጣ፣ የሁላችንንም ድርሻ ስለከፈለና እናቴ «እሱ ቤት ከሆነ፣ እኔ ከማላየው፣ ይሁን» ስላለች ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ አልስማማም ነበር።

በምን ዓይነት ቤት ነው «ፈጽሞ አይቀመጥ» የምትይው?

ደም ባለበት ቤት። የቆየ ቂም ሳይታረቅ ካለ፣ ጠመንጃው እዚያ መኖሩ ብቻ የሰፈሩን ጎረምሳ «የአባትህን ደም» እያሉ ለሚገፋፉት መንገድ ይከፍታል። መጠጥ የሚያበዛ ሰው ባለበት ቤት። ትዳር በዱላ በሚኖርበት ቤት። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን መቀመጥ ያበዛ፣ «ምን አለኝ» የሚል ልጅ ወይም ወንድም ባለበት ቤት። ይህን የመጨረሻውን አደራ እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ካለ አርባም ሰደቃም አትጠብቁ፤ ጥይቱን ዛሬውኑ ከቤት አርቁ፣ ስለ ጠመንጃው ለፖሊስ አሳውቁ፣ እሱንም ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ልጆች ያሉበት ቤትስ ትሉኛላችሁ። ልጅ ሳለሁ በመንደራችን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ሲነካካ ታናሽ ወንድሙን ገደለው። አባትየው «ባዶ ነበር» ይል ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንዲሁ እያለ ኖረ። የሚቆለፍበት ሣጥን መግዛት ካልቻላችሁ ልጅ ባለበት ቤት አታስቀምጡ።

እንሽጥ ብለን ወስነናል። ምን እንጠንቀቅ?

ደላላን። «ወረቀት አያስፈልግም፣ ማታ እመጣለሁ» የሚል ሰው በጥሩ ዋጋ ቢመጣም በሩን ዝጉበት። ከእናንተ እጅ የወጣ ጠመንጃ ነገ ሰው ቢገደልበት ተመልሶ የሚመጣው እናንተ ዘንድ ነው፤ በሕግም በኅሊናም። ሽያጩ የሚሆነው ፈቃድ ሰጪው አካል በሚያውቀውና በሚፈቅደው መንገድ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ገዢ ካልተገኘ አስረክባችሁ ደረሰኝ መቀበል ይሻላል። ገንዘቡ ይቀራል፣ አዎ። ማታ ማታ ግን በር ሲንኳኳ አትደነግጡም።

በአውቶቡስ ጭናችሁ ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ወደ አዲስ አበባ አታንቀሳቅሱት፤ በጆንያ ጠቅልሎ ከእህል ጋር መላክማ ሹፌሩን ጭምር ማሳሰር ነው። እንደ አሁኑ መንገዱ ሁሉ ፍተሻ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ይህን ለማሰብ እንኳ አትቁሙ።

እናስቀምጥ ካልን አያያዙስ?

ከምድጃ ጭስና ከሣር ጣሪያ ጠብ አርቁት። በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት ይቀባ፤ ቅቤ አይቀባ፣ ቅቤ ይኮመጥጥና ብረቱን ይበላዋል። ሰደፉ የተሰነጠቀ ከሆነ በሚስማር አትምቱት። ጽሑፍና ቁጥር ያለበትን ቦታ በአሸዋ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው የታሪኩን ምስክር ነው የሚያጠፋው። ቁጥር የጠፋበት መሣሪያ ደግሞ ለፖሊስ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አፈሙዙን አስቆርጦ ጓንዴ ማድረግን ፈጽሞ አታስቡት።

አትተኩሱበት። የሰማንያና የመቶ ዓመት ብረት ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጭ አይታይም። «ይገባለታል» ተብሎ የሌላ መሣሪያ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥይቱና ዝናሩስ?

ዝናሩ ቆዳ ነው፤ ባዶውን መያዝ እንደ ጥይቱ አያሰጋም። ከአባቴ ዕቃ እኔ የወሰድኩት እሱን ነው። ከመውሰዴ በፊት ግን እያንዳንዱን ኪስ በጣቴ ፈተሽኩ፤ አራት ጥይት ተገኘ፣ ሁለቱ አረንጓዴ ዝገት ያወጡ። አሮጌ ጥይትን እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ ገደል አትወርውሩ፣ ባሩዱን ለማውጣት በፒንሳ አትንቀሉ፣ ለልጅ መጫወቻ አትስጡ። ዛገም አልዛገም ቆጥራችሁ፣ ከጠመንጃው ጉዳይ ጋር አንድ ላይ ለፖሊስ አስመዝግቡና አስረክቡ። ከዚያም ቤቱን እንደገና ፈትሹ፦ ጎተራውን፣ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የአባታችሁን የድሮ ኮት ኪስ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን አግዳሚ። እኛ የመጨረሻዋን ጥይት ያገኘናት በስምንተኛው ወር፣ እናቴ የምስር ቋቷን ስታራግፍ ነው።